አየር የነካው ቆጮ

ጅማ የደረሰኝ በዕጣ ነው። ኮሌጅ ስንጨርስ የየክፍለ ሀገሩ ስም የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በካርቶን ተደርገው ቀረቡልን፤ እኔ እጄን ሰድጄ ጅማ ዋና ከተማው የሆነውን ከፋን አወጣሁ። ገብስና ባቄላ እንጂ ሌላ ነገር ብዙም በማይበቅልበት ብርዳም ደጋ ያደግኩ ነኝና ስለ ጅማ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ቡና አለ፣ ዝናብ አለ። ሁለቱም ልክ ሆኖ አገኘሁት። ስለ እንሰት ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጊንጆ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ የገባሁ ዕለት፣ በመስኮቴ ያየሁትን የጓሮ ተክል ሙዝ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ፍሬውን ጠበቅኩ። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ አከራዬን፣ እትዬ፣ ይሄ ሙዝ መቼ ነው የሚደርሰው ብዬ ጠየቅኳቸው። እኚህ ሴት ሳቅ የማያበዙ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን የያዙትን ባልዲ አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ለሳምንት ያህል ጠዋት ስወጣ ባዩኝ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔ ትዝ ሲላቸው ነው መሰለኝ የሚብስባቸው።

አከራዬ የዳውሮ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ባላቸውን ተከትለው የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው ጅማ መጡ። ባላቸው ሲሞቱ እሳቸው ቡና መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀሙ አንዲት ሴት ልጃቸውን አሳደጉ። ጌታን የተቀበሉ ስለነበሩ፣ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ እሑድ ጠዋት በር ዘግተው ከልጃቸው ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። እኔ ከጎን ክፍል ሆኜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እሰማቸዋለሁ፤ የመጀመሪያ ድምፅ ልጅቷ ናት፣ ወፍራሙ እሳቸው ናቸው። በሰፈሩ ሃያ ዓመት ሲኖሩ አንዲት ጭብጥ ጨው ከጎረቤት ለምነው አያውቁም። የሰው ደጅ አልቆምም ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ቀና ብለው ነው።

በዚያ ዓመት ልጅቷ ልትዳር ነበር። እጮኛዋ መንደራ ቆጪ በሚባለው የጅማ ሰፈር ያደገ፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ ልጅ ነው። ከሰሜን የጻፈው ደብዳቤ ከፋሲካ በኋላ የዐሥር ቀን ፈቃድ እንደተሰጠው ይናገራል። ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ እንግዲህ ማንም አያንቀሳቅሰውም፤ የጦር አዛዥ ለቆጮ ብሎ ፈቃድ አያራዝምም። ጤፍ እንኳን ለሠርግ ለዕለት እንጀራም ከገበያ የጠፋበት ዓመት ነበር። ስለዚህ ድግሱ ሁሉ ያረፈው በጓሮው የቆጮ ጉድጓድ ላይ ነው።

ያኔ ስለ እንሰት ትንሽ ተምሬ ነበር፤ ከሩቅ ነው እንጂ። የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ሴቶቹ ግንዱን ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይከተክታሉ፣ ውሃውን ይጨምቃሉ፣ ከዚያ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ወራት ያቆዩታል። ቦክቶ ሲወጣ ቆጮ ይሆናል። ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ ፍቂያው ላይ ግን ዝር አይልም። የሠርጉ እንሰት በኅዳር ሲፋቅ አከራዬ ቀኑን ውጭ እንድውል በትሕትና ነገሩኝ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ሥራው ሊያልቅ ነበር፤ አከራዬ፣ ልጃቸውና አንዲት የቀን ሠራተኛ እግራቸውን ታጥበው ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ይረግጣሉ። ከላይ ቅጠል በቅጠል ደረቡበት። እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው፤ ድንጋይ ለመሸከም ወንድ ይፈቀዳል። አምስት ትልልቅ ድንጋይ ካመጣሁ በኋላ ወገቤን ይዤ፣ ይሄ ሁሉ ክብደት ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

"እንዳይተነፍስ ነዋ" አሉ አከራዬ።

ነገሩ አልተዋጠልኝም። ግን ወገቤን አሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ፋሲካ ሲቃረብ አከራዬና ልጃቸው ወደ ዳውሮ ሊሄዱ ተነሡ። የሙሽራው ወገን ብዙ ነው፤ በዚህ በኩል ግን እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። አከራዬን እንቅልፍ የሚነሳቸው ይሄ ነበር። ልጄ ወገን የላትም እንዳትባል ብለው ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንዲት አክስታቸውን ሊያመጡ የሦስት ሳምንት የደርሶ መልስ መንገድ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በበቅሎ፣ ሊሄዱ ቆረጡ። ሲወጡ ቁልፉን ሰጡኝ፣ ዶሮዎቹን አሳዩኝ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወስደው ድንጋዮቹ አጠገብ አቆሙኝ።

"መምህር፣ ሠርጉ ይሄ ነው። አደራ" አሉኝ።

ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀበልኩ። የተቀበልኩት ከልቤ ነው፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣውም ከዚያው ከልቤ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሰባተኛ ክፍል ጋር ስለ አተነፋፈስ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ያንን ትምህርት እወደው ነበር። መጀመሪያ ሻማ አብርቼ ብርጭቆ እደፋበታለሁ፤ ሻማው ሲጠፋ ክፍሉ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ተማሪዎቹን ትንፋሻቸውን ሳስይዝ ግማሹ በአፍንጫው ይሰርቃል፣ ግማሹ ጉንጩን ነፍቶ ዓይኑ ይፈጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፤ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለመኖር ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትጠይቅ ግን የማትለቅ ልጅ ነበረች።

"ጋሼ፣ ቆጮስ?" አለች።

ቆጮ ምን ሆነ አልኳት። አያቷ ቆጮውን አየር እንዳይገባበት ረግጠው በድንጋይ እንደሚጭኑት፣ እዚያ ውስጥ ሆኖ ግን እንደሚቦካ፣ እንደሚሞቅ፣ አረፋም እንደሚያወጣ ነገረችኝ። ቆጮ ምግብ ነው፣ ምግብ ይበላል እንጂ አይኖርም ብዬ መለስኩ። ክፍሉ ሳቀልኝ። እሷ አልሳቀችም።

"ሕይወት ያለው ነገር ከሌለበት ታዲያ ማን ያቦካዋል?"

ደወል አዳነኝ። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ኮሌጅ ሳለሁ በደንብ ተምሬው ነበር፤ ያለ አየር ስለሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት የተጻፈውን አንብቤያለሁ። ግን ለፈተና የተጠና ነገር ፈተናው ላይ ይቀራል። ያን ቀን በራሴ ውስጥ የቀረው ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከድንጋዮቹ መሐል ትንንሽ አረፋ ብቅ ይልና ይፈነዳል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጅቷ እንዳለችው ይሄ ነገር ሕይወት ካለው፣ ታፍኖ እየሞተ ነው፤ አየር ያስፈልገዋል። እኔ እንዳልኩት ሕይወት ከሌለው ደግሞ፣ እየበሰበሰ ነው፤ መናፈስ አለበት። በየትም ብሄድ የምደርሰው ድንጋዩ ላይ ነው። አደራ የተባልኩት ቆጮውን እንጂ ድንጋዩን አይደለም ብዬ ተፈላሰፍኩ። የሠርጉ ድግስ ዓይኔ እያየ ሲበላሽ ዝም ብል ሰው ነኝ?

አምስቱን ድንጋይ አነሣሁ። ቅጠሉን ገለጥኩ። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ቀርጬ ከላይ እስከ ክንዴ ጥልቀት ድረስ በሠላሳ ቦታ በሳሁት፤ መተንፈሻ መሆኑ ነው። አቧራ እንዳይገባበት አንድ ስስ ቅጠል ጣል አደረግኩ፣ ዶሮዎቹ እንዳይጭሩትም ዙሪያውን እሾህ አጠርኩ። ሠርቼ ስጨርስ ወገቤን ይዤ ቆምኩና በራሴ ተደሰትኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት ትዝ አላለኝም።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ ቀነሰ። ደስታዬ ጨመረ። በስድስተኛው ቀን ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ ሳይ እዚህም እዚያም ሮዝና አረንጓዴ ጣል ጣል ብሎበታል። ነፍስ ዘራ አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ክፍል ገብቼ ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት፣ ቆጮም እንደ ማንኛውም ፍጡር አየር ሲያገኝ እንደሚሻለው፣ ይህንንም በአከራዬ ጉድጓድ ላይ በተግባር እንዳረጋገጥኩ አበሠርኩ። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ። ደወሉ ሲደወል ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትሮጥ አየኋት።

እኔ ቤት ስደርስ አያቷ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ጎረቤታችን ከከተማው በላይ ባለው የጅሬን ኮረብታ ላይ ተወልደው ያደጉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ከአከራዬ ጋር በአጥር ላይ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር እንጂ ወደ ግቢያችን ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን ሰላም ሳይሉኝ አልፈውኝ ወደ ጓሮ ገቡ። እሾሁን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቅጠሉን አነሡ።

"ማል ጎቴ፣ ኢልመ ኮ? ምን አደረግክ ልጄ?"

አየር ሰጠሁት አልኩ። ለማን ሲሉኝ ለቆጮው አልኳቸው። ንዴት ነው ወይስ ሳቅ የያዛቸው ለመለየት አቃተኝ።

"ያ ረቢ" አሉ ቀስ ብለው። "የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰውዬ ቆጮ አልነበረውም።"

በአውራ ጣታቸው ላዩን ጫር ሲያደርጉት ያ ነፍስ ዘራ ያልኩት ሮዝና አረንጓዴ ሻጋታ ከሥሩ ጠቁሯል። ትሉ ይርመሰመሳል። የበሳኋቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ዙሪያቸውን ተበላሽተዋል። ሠርጉ ይሄ ነው ያሉኝን አስታወስኩ።

እማማ እየጫሩ አስተማሩኝ። ቆጮ ውስጥ የሚሠሩ አሉ፣ ዓይን አያያቸውም አሉኝ። እነሱ ጨለማና ጭንቅንቅ ነው የሚወዱት። አየር የሚወደው ትሉና ሻጋታው ነው። አንተ በር ከፍተህ ሌባውን አስገባህ፣ የቤቱ ሰዎች ደግሞ ተኙ አሉኝ። ይህን ማን ነገረዎት ብላቸው እጄ ያውቃል አሉ። የዚያን ዕለት ማታ የኮሌጅ መጽሐፌን ከብረት ሣጥኔ አውጥቼ ሳገላብጥ ገጹን አገኘሁት፤ ኦክስጅን ሳይነካቸው የሚኖሩ፣ አንዳንዶቹንም ኦክስጅን ጭራሽ እንደ መርዝ የሚገድላቸው ሕዋሳት እንዳሉ በግልጽ ተጽፏል። በራሴ እጅ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። መጽሐፉን ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

እማማ ከክንድ በታች ሲደርሱ ግን እጃቸው ላይ የወጣው ነጭና ደኅና ሆነ። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ አየር ያልደረሰበት ተርፏል። ከላይ የተበላሸው ግን ተጥሎ ሲያልቅ የጉድጓዱ እኩሌታ ባዶ ሆነ። አከራዬ ሊመለሱ የቀራቸው ዐሥር ቀን አይሞላም። ከባዶ ጀምሮ ቆጮ ለማድረስ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ኤጋ፣ እንግዲህ የጎደለውን የሰፈሩ ጉድጓድ ይሞላዋል" አሉኝ። "ዞሮ የሚናገረው ግን ያበላሸው ሰው ነው። ያንተን ሐፍረት እኔ አልሸከምልህም።"

በማግሥቱ ቅርጫት ይዤ ጊንጆን ዞርኩ። በመጀመሪያው ቤት ታሪኩን ለመናገር ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እየተንተባተብኩ፣ ስለ ሻማውና ስለ ብርጭቆው ሁሉ አስረዳሁ። በሦስተኛው ቤት እኔ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ሴትየዋ በሩን ሲከፍቱ እየሳቁ ነበር። በስድስተኛው ቤት ልጆቹ ኦክስጅን መጣ ብለው ጮኹ። ያ ስም ከጅማ እስክቀየር ድረስ ከላዬ አልወረደም። ሁሉም ግን ሰጡኝ፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ዓመት የቆየ ጎምዛዛ፣ ሌላው ደግሞ ገና ለጋ። በቅጠል እየጠቀለሉ፣ ምክር እየጨመሩበት። ሁለተኛ ድንጋይ እንዳላነሣ ያላስጠነቀቀኝ የለም።

የመጨረሻዋ፣ የዐሥራ አንደኛዋ ቤት ባለቤት ብቻ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። አከራይህ በዚህ በር ሃያ ዓመት አልፋለች፣ እንደምን አደራችሁ ብላ ነው የምታልፈው፤ አንድ ቀን ደጄን ረግጣ አታውቅም አሉኝ። ስወልድ አልመጣችም፣ ስታመም አልጠየቀችኝም አሉ። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ወደ ጓሮ ሄደው ከሁሉም የሚበልጠውን ጥቅል ይዘውልኝ መጡ።

እማማና የልጅ ልጃቸው እግራቸውን ታጥበው፣ የዐሥራ አንዱን ቤት ቆጮ ከተረፈው ጋር ቀላቅለው ረገጡት። በአዲስ ቅጠል ሸፈኑት። እኔ ድንጋዩን መለስኩ፣ ስድስተኛ ድንጋይም ከራሴ ጨመርኩበት።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና፣ ሁሉ የሚለውን ቃል በጠመኔ ሰረዝኩት። ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ አስተማሪ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ። ልጅቷን አስነሥቼ የጠየቀችው ጥያቄ ከመጽሐፉ የሚበልጥ እንደነበር ስነግራት አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ስለዚያ ነገር እውነት ወይም ሐሰት የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ሌላውን ሁሉ የሚስት ተማሪ እንኳ ያንን አልሳተም።

አከራዬ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ገቡ፤ ሁለቱ ወንድሞች፣ አክስትየዋ፣ ሙሽሪት፣ ሁሉም ጭቃ እስከ ጉልበታቸው። ገና ሸክማቸውን ሳያወርዱ ነገርኳቸው። ለሳምንት የተለማመድኩት ንግግር ጠፍቶብኝ፣ እትዬ አደራዎትን በላሁ ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ጓሮ ሄዱ፣ ከቅጠሉ ሥር ቆንጥረው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ቀመሱት። ደግሞ ከሌላ ጥግ ቆነጠሩ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አሉ። "ይሄም የእኔ አይደለም። ከየት መጣ?"

ከየቤቱ እንደሰጡኝ ነገርኳቸው። ያኔ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሲበላሽ ያልተቆጡት ሴት አሁን ተቆጡ።

"በእኔ ስም ለመንክ? ባዶ ጉድጓድ ይሻለኝ ነበር።"

ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ጓሮ ቀረሁ። ከሁለቱ ጥፋቶቼ የከፋው የትኛው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመት ቀና ብለው የሄዱበትን አንገት በአንድ ቀን ዞሬ ሰበርኩት። ዕቃዬን ሰብስቤ ቤት ልቀይር አሰብኩ። የሙሽሪት አጎት፣ ትልቁ ወንድም፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙና እህቴ ድሮም እንዲህ ናት አሉኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ሲጠማት እንኳ ራሷ ነው ምንጭ የምትወርደው።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ በዋናው በር መጡ። አከራዬ ወጥተው ቆሙ፤ ግቡ አላሉም፣ ሂዱም አላሉም። እማማ በትራቸውን ተደግፈው፣ ሳይቆጡ ነው የተናገሩት።

"ቆጮው ላንቺ አልተሰጠም። ለልጅሽ ነው። እሷ እዚህ ተወልዳ፣ እኛ እጅ ላይ ነው ያደገችው፤ ወላሂ ስትሮጥ ወድቃ ስንቴ አንስቻታለሁ። አንቺ ወገን ፍለጋ ጎጀብን ተሻገርሽ። ወገን እዚህ አጥር ሥር ነበር።"

አከራዬ የአጥሩን ሥር አዩ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀና ብለው ለእማማ ሳይሆን ለእኔ፣ ስንት ቤት ነው አሉኝ። ዐሥራ አንድ አልኳቸው።

"ነጠላዬን ልልበስ። አሳየኝ።"

ያን ቀን ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ሃያ ዓመት የኖሩበትን ሰፈር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ እንግዳ እየመራሁ ቤት ለቤት አስተዋወቅኳቸው። ይሄ የነጩ ቆጮ ቤት ነው፣ ይሄ የጎምዛዛው ነው እያልኩ። አከራዬ በየበሩ ቆመው ስለ ቆጮው አመሰገኑ፣ ለሠርጉ በገዛ አፋቸው ጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ ኋላ ኋላ ለመደላቸው። ልጆቹ ኦክስጅን ሲሉኝ ደግሞ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ደጃቸው ላይ እንዳየናቸው ቆመው ጠበቁን። አከራዬ ገና ሳይናገሩ ግቢ አሏቸው። ገቡ። እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ ብዙ ጠበቅኩ፤ ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ለሙስሊሞቹ እማማ ግቢ ለብቻ ታረደ፣ ጠላና ጠጅ በቤቱ ስለሌለ የማር ብርዝ ተቀዳ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥተው ስለ አብዮቱ አጭር ንግግር አደረጉ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ቆጮ አስጨመሩ። ዐሥራ አንዱ ሴቶች ወደ ድንኳኑ አልገቡም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አከራዬ ሊረዱ ሲነሡ አስቀመጧቸው። ሙሽራው የወታደር ልብሱን ተኩሶ ለብሷል፤ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቃጠለው ልጅ ነው። ቆጮውን እየበላ ዓይኑን ከሙሽሪት ላይ አላነሣም።

መሸኛው ሲደርስ የሙሽራው ሽማግሌ ድንኳኑ መሐል ቆሙና የሙሽሪት ወገኖች ይነሡ፣ መርቀው ይስጡን አሉ። ሁለቱ ወንድሞችና አክስትየዋ ተነሡ። ከዚያ ከጓሮ በኩል፣ እማማ ከፊት ሆነው፣ ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ አንድ በአንድ ገቡና ከአክስትየዋ ጎን ተሰለፉ። ድንኳኑ ጠበበ። አከራዬ ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ተሰብሳቢውን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት እኔን መሆኑን ያወቅኩት እንግዶቹን አልፈው መጥተው፣ ጥግ የተቀመጥኩበት ወንበር ድረስ ደርሰው ክንዴን ሲይዙኝ ነው።

"አንተስ ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ። "ተነሥ እንጂ።"